የተዋስኩት አስም

አስምን የመረጥኩት ስኳር ተይዞብኝ ነው። አብሬያቸው የምኖረው አከራዬ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጣታቸውን ወግተው ደማቸውን የሚለኩባት ትንሽ መሣሪያ ኩሽና ውስጥ ከጨው ዕቃው ጎን ትቀመጣለች። እኔም ስኳር አለብኝ ብል ጊዜ አይፈጁም፣ ጣቴን ይዘው ይለኩኛል። ደም ግፊት ማለትም አልችልም፤ የእሱም መለኪያ አላቸው። አስምን ግን ቤት ውስጥ ሲለኩ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አስም አልኩ።

ደህና ሰው መስሎ የሚታይ ሰው ምን ቆርጦት በሽታ ይመርጣል? የኔ ምክንያት ይኸውላችሁ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን እውጣለሁ፤ ሐኪሜ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ተዳክሟል፣ ወደ ማንም አይተላለፍም ትለኛለች። እሠራለሁ፣ እስቃለሁ፣ ይባስ ብሎ እወፍራለሁ። ኮሮና መጥቶ ለንደን ስትዘጋ የምሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያም አብሮ ተዘጋና እቤት ተቀመጥኩ። ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ሰውን በዕድሜና በሕመም እየለየ መጥራት ጀመረ። የኛ ሕመም ቀደም ብለው ከሚጠሩት ውስጥ ሆነ። ለሌላው ይህ የምሥራች ነው። ለኔ ግን፣ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለሁ፣ ደረጃ በሩጫ ለምወጣ ሴት፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተሰልፎ መከተብ ግንባር ላይ ጽፎ እንደ መውጣት ነበር። በዚያን ሰሞን ሐበሻ ሲደዋወል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው የክትባት ተራ ነው። ማን ተጠራ፣ ማን ቀረ፣ እሷ ደግሞ ምን ሆና ነው የተጠራችው።

ይህን የማወራበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ፤ እንደኔ ቫይረሱ ያለባቸው ሐበሾች የሚገናኙበት ማኅበር። ድሮ ሃክኒ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር የምንሰበሰበው። ያኔ ግን ወደ ዙም ዞረን፣ ካሜራ ዘግተን፣ በውሸት ስም ተሰይመን እናወራለን። ፊቷን የምታሳየን አስተባባሪያችን ብቻ ነበረች፤ እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ ቫይረሱ የሌለባት፣ ነገር ግን ከልቧ የምትሠራ ልጅ ናት።

"ጋይስ፣ ዛሬ ስለ ቫክሲን ኮንፊደንስ ነው የምናወራው፣ ኦኬ?" አለችን አንድ ቀን። "ሰው ምን እንደሚፈራ አንደርስታንድ ማድረግ ፈልገን ነው። ሊፍሌቱን አነበባችሁት?"

አንብበነዋል። ወደ አማርኛ ተተርጉሟል ተብሎ የተላከልን ወረቀት፣ አማርኛው ዘመድ የሌለው አማርኛ ነው። ክትባቱ ደህንነቱ የተረጋገጠ ነው ይላል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ማሽን የለበትም ይላል። ያልጠየቅነውን ሁሉ ይመልሳል።

"እኔ የምለው፣" አለች ኪልበርን የምትኖር፣ በድምጿ ብቻ የማውቃት ሴት፣ "መርፌውን ማን ፈራ? ስንት መርፌ ያየን ሰዎች ነን! እኔ የምፈራው ተወግቼ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝን ጥያቄ ነው።"

ከዚያ ማይክ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈተ።

"ታዲያ ምን ብለሽ ሄድሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ስኳር አልኩ። እህቴ ስኳር አለባት፣ ከሷ ተዋስኩ።"

ሌላዋ ኩላሊቴን ብላለች። አንዱ ወንድማችን ልቤን ብሏል። አስተባባሪያችን ዓይኗን አፈጠጠች።

"ዌት፣ ዌት፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው!"

"አንቺ ደግሞ፣" አለቻት የኪልበርኗ፣ "እውነቱን ይዘሽ ኪልበርን ነይና ኑሪበት እስቲ።"

ልጅቷ ሳቋ መጣ። ብልህ ስለሆነች ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን ተወችው። ክትባቱን ስለመውሰድ ስናወራ፣ ቤት ገብቶ ምን እንደሚባልም አብረን እናወራ ጀመር። የፈሩትን እየደወልን እንድናነጋግር ከመሃላችን ፈቃደኛ ሲጠየቅ እኔ እጄን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበርኩ። ሐኪም ሐኪም ሳልጫወት፣ ማን ምን ይልሻል ብለሽ ነው የፈራሽው እላለሁ፤ ወሬው ከዚያ በራሱ ይሄዳል። ድምጿን እንጂ መልኳን የማላውቃት ሴት ተከተብኩ ብላ ስትደውልልኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል።

ፍርሃታችን ለሚገርመው ሰው አንድ ነገር ላውራ። በምሄድባት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት ነበረች። ነገሯ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ብቻ ወጣ። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ፓስተሩ ሰላም ይላታል፣ እህቶችም ጌታ ይባርክሽ ይሏታል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም ከቤት ይዘን የመጣነውን ምግብ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አብረን እንበላለን፤ የሷ ድስት ግን እንደ መጣ፣ ማንኪያ ሳይገባበት ይመለሳል። አንድ እሑድ፣ ሌላ እሑድ፣ እንዲሁ። ከዚያ ለንደንን ለቃ ሄደች ሲባል ሰማሁ።

አከራዬም የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ስትሪትሃም ዋናው መንገድ ላይ ከዶሮ ጥብስ ቤት በላይ ያለች ፍላት ውስጥ ይኖራሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ማረፊያ አጥቼ ስንከራተት ግቢ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሲጸልዩ ድምፃቸው ከባድ ነው፤ ከታች የዶሮ ቤቱ ሰው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። እሳቸው ደግሞ ሰይጣን ተቆጣ ብለው ይጨምሩበታል።

የክትባቴ ቀን ጃኬቴን ለብሼ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

"ሁሉ ነገር ተዘግቶ ወዴት ነው?"

"ክትባት ተጠርቼ ነው፣ እትዬ።"

"አንቺ?" አሉ። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ስኳሬ፣ ቀጠሮዬ ገና ነው። አንቺ ምን ሆነሽ?"

"አስም አለብኝ እኮ። ከባዱ ዓይነት።"

"ይኸን ያህል አብረን ስንኖር ሳትነግሪኝ?"

"እንዳላስጨንቅዎት ብዬ ነው።"

እትዬ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ልጄን! አፍነሽው ነው የኖርሽው!" ብለው እዚያው ኮሪደር ላይ ጸሎት ጀመሩልኝ። ተከትቤ ስመለስ የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቴሌግራም ግሩፕ በአስሜ ተጥለቅልቋል። መዋሸቴ አልቆጨኝም፤ አሁንም አይቆጨኝም። እውነቱን የሚችል ቤት ቢኖረኝ ኖሮ በእውነቱ እኖር ነበር።

ክትባቱ ትንሽ ያምሻል ተብዬ ነበር፤ እውነትም አንቀጠቀጠኝ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስንዘፈዘፍ እትዬ አስሙ ተነሣባት ብለው በሬ ላይ ቆሙ። "አንተ አስም! በኢየሱስ ስም ልቀቃት!" ይላሉ። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጥቶ ትራሴን ነከስኩት። ትኩሳቱ ልማዱ ነውና ለቀቀኝ። ስነሣ ሱፐርማርኬቱ ያመጣልንን አስቤዛ ከታች ተሸክሜ፣ እንደ ልማዴ በሩጫ ደረጃውን ወጣሁ። እትዬ ጫፉ ላይ ቆመው አዩኝ።

"እስቲ ተንፍሺ።"

ተነፈስኩ።

"ድገሚ።"

ደገምኩ።

"ሃሌሉያ!" ብለው ከረጢቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ያኔ ነው ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ። የኪልበርኗ ሴት ኦርቶዶክስ ናት፤ ስኳሯን ይዛ በሰላም ትኖራለች። እኔ ግን ጴንጤ ቤት ተቀምጬ በጸሎት የሚድን በሽታ ተዋስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ በዙም አምልኮ ላይ እትዬ መሰከሩ። ልጅቷ አልጋ ላይ ወድቃ እንደነበር፣ ጌታ እንዴት እንዳነሣት፣ ደረጃውን እንደ ሚዳቋ እንደወጣች ተናገሩ። ፓስተሩ፣ "እህታችን እስቲ ማይክሽን ክፈቺ" አለኝ። ከፈትኩ። አልዳንኩም ብል እግዚአብሔር የሠራውን ካድኩ፤ ድሮም አልነበረብኝም ብል ታዲያ ለምን ተጠራሽ ሊሉኝ ነው። "ጌታ ይባረክ" ብዬ ዘጋሁ።

በማግስቱ እትዬ ስልኩን አምጥተው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። የቤቱ እንግሊዝኛ እኔ ነኝ፤ የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒው ጋ የምደውለውም፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ካውንስሉን የማናግረውም እኔ።

"የክትባት ቀጠሮዬን ካንስል አድርጊልኝ" አሉ።

"ምን?"

"አልፈልገውም። ላንቺ ሳንባ የሠራ ጌታ ለኔ ስኳር ያንሳል?"

በዚያው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያናችን በኮሮና ሞተውብን በስልክ ያለቀስንላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው እንደሳቸው ስኳር ያለበት ነበር። ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው አልኳቸው። "ልክ ነሽ፣ ለማያምን" አሉ። ፓስተሩ ራሱ ተከትቧል አልኳቸው። "እሱ ያንቺን አላየም፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ራሴ ላይ ይወድቃል። የሰረዝኩ መስዬ ብተወውስ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ቀኑ ሲደርስ በግድ ተሸክሜ አልወስዳቸው። መልኳን የማላውቃትን የሰው ልጅ እያሳመንኩ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ያሉትን ሴት በኔው አስም ልገድላቸው ነው። በእትዬ ተናደድኩ፣ በፓስተሩ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መውጫ በማጣቴ ተናደድኩ። እውነቱን ካወጣሁ ቤቴን አጣለሁ፤ ካላወጣሁ እሳቸውን።

ደወልኩ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። አንድ አሰልቺ ሙዚቃ ይደጋግማል፤ በየመሃሉ አንዲት ሴት ተራዎን ይጠብቁ ትላለች። እትዬ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

"እትዬ፣ አስም የለብኝም።"

"አዎ እንጂ፤ ተፈውሰሻል።"

"አልተፈወስኩም። ድሮም አልነበረብኝም።"

"ታዲያ ለምን ጠሩሽ?"

ሙዚቃው ይጫወታል። እንዲያነሡልኝ ጸለይኩ፤ ማንም አላነሣም።

"ኤች አይ ቪ አለብኝ። ብዙ ዓመቴ ነው። መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ደህና ነኝ። እርስዎን የሚነካ ነገር የለም።"

ያቺን የመጨረሻዋን ቃል እንደ ለማኝ ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እትዬ አላለቀሱም፣ አልጮኹም። "እኔ በእግዚአብሔር ፊት መስክሬያለሁ እኮ" አሉ። ሙዚቃው ተቋረጠና ሪሴፕሽኒስቷ ሄሎ አለች። የእትዬን ቀጠሮ እንድታረጋግጥልኝ ጠየቅኳት። እትዬ ሰሙኝ፤ አልከለከሉኝም። ተነሥተው ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት መልሼ መኖር አልፈልግም። ኩሽና ስገባ እሳቸው ይወጣሉ። ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ተጠግተው ያሳልፉኛል። የበሩን እጀታ በበረኪና ይጠርጋሉ። ነገር ግን ኮሮና ከገባ ጀምሮ እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት፤ አሁን የሚሸሹት ኮሮናን ይሁን እኔን መለየት አቃተኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥቼ ሰው ቤት አድር ነበር። ያኔ ሰው ቤት መግባት ክልክል ነው፤ መናፈሻ ውስጥ መቀመጥ እንኳ ያስጠይቃል። መስኮቴ ላይ ቆሜ ባዶ አውቶቡስ ሲያልፍ አያለሁ። ለኪልበርኗ ደወልኩላት።

"ነገርሻቸው? አብደሻል?" አለችኝ። "እኔ እኮ ለእህቴ እንኳ አልነገርኩም" አለች፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

የእትዬ ቀጠሮ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ማስካቸውን አጥልቀው ቆመዋል።

"ነይ እንጂ። እንግሊዝኛውን ማን ይናገርልኛል?"

እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። ነርሷ የጠየቀቻቸውን ተረጎምኩ፣ የመለሱላትን ተረጎምኩ። መርፌው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ። ስንመለስ መንገድ ላይ አፋቸውን ከፈቱ።

"የመሰከርኩት ውሸት ሆኗል። እሑድ አስተካክላለሁ።"

"እትዬ፣ አስሙ ውሸት ነው ካሉ እኮ ታዲያ ምን ሆና ተከተበች ይላሉ። እባክዎን።"

"በጌታ ስም የተናገርኩትን ውሸት ታቅፌ አልኖርም" አሉ።

እስከ እሑድ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ ጠበቅኩ። አምልኮው ሲጀመር እኔ በክፍሌ፣ እሳቸው በክፍላቸው ሆነን ገባን። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እትዬ ማይካቸውን ከፈቱ። ድምፃቸው መጀመሪያ በግድግዳው በኩል፣ ትንሽ ዘግይቶ ደግሞ በስልኬ ይደርሰኛል፤ እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ሰማሁት።

"ቅዱሳን፣ ባለፈው ስለ ልጅቷ የመሰከርኩት ስህተት ነው። እሷ አስም ለቀቀኝ አላለችም፤ ለቀቃት ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ በጌታ ስም ተናገርኩ። እሱም እናንተም ይቅር በሉኝ።"

ፓስተሩ ግራ ገባው። "ታዲያ እህታችን አሁንም ታማ ናት?"

የሻንጣዬን እጀታ ያዝኩ።

"የሷን ሕመም እሷና ሐኪሟ ያውቁታል" አሉ እትዬ። "የኔን ከጠየቃችሁኝ ስኳር ነው፤ ተከትቤያለሁ፤ ክንዴን ትንሽ ጠዘጠዘኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ያልተከተባችሁ ሂዱና ተከተቡ።" ዘጉት። በቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ከሚባሉት አንዷ፣ ተሳስቻለሁ ሲሉ ሰምቻቸው የማላውቅ ሴት ናቸው። የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ላመሰግናቸው ኩሽና ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዕቃ ያጥባሉ።

"አታመስግኚኝ" አሉ ሳልጀምር። "ተናድጄብሻለሁ። ገና እናደድብሻለሁ።"

"እሺ።"

ውሃውን ዘጉት።

"በርሽ ላይ ቆሜ የጮህኩት ሁሉ ለሌለ በሽታ ነው። ላለውስ? ላለው ማን ጸልዮልሽ ያውቃል?"

"ማንም።"

"በዚህ ሁሉ ዓመት? ማንም?"

"ማን ያውቃልና ነው፣ እትዬ?"

ዞረው አዩኝ። ሊጸልዩልኝ እንደሆነ አወቅኩና ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

"መድኃኒቴን አላቆምም" አልኳቸው።

"ማን አቁሚ አለሽ?"

"ዳንሽ ወይ ብለውም እንዳይጠይቁኝ።"

"አልጠይቅሽም።"

አላመንኳቸውም። አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ አሁንም እጠብቃለሁ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው መጥተው ጭንቅላቴ ላይ ጫኑት፤ ሎክዳውን ከገባ ጀምሮ ከከተበችኝ ነርስ ሌላ ሰው አልነካኝም ነበር። ጮኸው የሚጸልዩት ሴት በሹክሹክታ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥለው የበሽታዬን ስም ጠሩ። ከሐኪም በቀር ሁለቱን አንድ ላይ የጠራ ሰው አልነበረም። አሜን ማለት አቃተኝ።